ሊንክ አትላኩልኝ፣ ፍላሽ ላኩልኝ

«ቲቸር፣ አሁንማ ለምን ይደክማሉ? ሁሉም ዩቲዩብ ላይ አለ። ሊንኩን ልላክልዎትና ያሳዩአቸው» አለኝ አንድ የድሮ ተማሪዬ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ደውሎ። ልጁ በቅንነት ነው ያለው። ግን ይቺን ነገር ከወላጅም ከስብሰባም ደጋግሜ ስለሰማኋት እዚሁ ልመልስ።

እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. የሳተላይት ትምህርት ሲጀመር 9ኛ ክፍል ነበርኩ። ያኔም «ቴክኖሎጂ መጣ፣ ተገላገልን» ተብሎ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ እኛ ጥያቄው ሳይገባን እሱ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። የኛ መምህር ከፋችና ዘጊ ሆኖ ጥግ ይቆማል። መብራት ከጠፋ ትምህርቱም ጠፋ።

ዩቲዩብ ከፕላዝማ ይሻላል፣ አልክድም። ታቆመዋለህ፣ መልሰህ ታየዋለህ። ሳልማን ካን ለአክስቱ ልጅ ሒሳብ ለማስረዳት ብሎ የጀመረው ነገር ካን አካዳሚ ሆኖ ዓለምን አዳርሷል። እኔም ባለ ዲፕሎማው ማታ ማታ ተምሬበታለሁ፤ አላፍርበትም።

ግን ወገኖቼ፣ ማየት መማር አይደለም! ልጁ ስለ ሎጋሪዝም ቪዲዮ አይቶ «ገባኝ ቲቸር» ይለኛል። ጠመኔ ስሰጠው የ2 እና የ3 ድምር ሎግ፣ ሎግ 2 ሲደመር ሎግ 3 ነው ብሎ ቁጭ። ይህን ስህተት ቪዲዮው አያየውም። የማየው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ተማሪዎቼን የቆጋ መስኖ ቦይ ዳር ወሰድኳቸው። ቅጠል ጣልን፤ 10 ሜትሩን በ20 ሰከንድ ሄደ። ቦዩ 1 ሜትር ስፋት፣ ውኃው ግማሽ ሜትር ጥልቀት። አባዙት፦ በሰከንድ 250 ሊትር። ያኔ አንዷ «ቲቸር፣ ቅጠሉ የላዩን ነው የሚያሳየው፤ ከታች ውኃው አፈሩን እየታከከ አይዘገይም?» አለች። ልክ ነበረች፤ እውነተኛው መጠን ከ250 ያንሳል። ፊዚክስ ማለት ይቺ ጥያቄ ናት። ለማን ትጠይቀው? ለስልኩ?

ደግሞስ የትኛው ስልክ? እዚህ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ ከርሟል። ዛሬም ከገጠር በእግሩ የሚመጣ ልጅ ለዳታ የሚሆን ብር ከየት ያምጣ? በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያኔም ዩቲዩብ ነበረ እኮ! የጎደለው ቪዲዮ አይደለም። የጎደለው መጽሐፍ፣ ላብራቶሪ፣ ደብተር የሚያርም መምህር ነው።

ስለዚህ ከተማና ውጭ አገር ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ሊንክ አትላኩልኝ። ቪዲዮውን አውርዳችሁ በፍላሽ ላኩ። ከፍላሹ ጋር አንድ ደስታ ወረቀት ጨምሩ። 10 ደቂቃ እናያለን፣ 30 ደቂቃ እንሠራለን። ክረምት ስትመጡ ደግሞ አንድ ሳምንት ጠመኔ ያዙ።

የማይስማማ ካለ ኮሜንት ላይ ይሞግተኝ። መጀመሪያ ግን የቦዩን ሒሳብ ሠርቶ ይምጣ 😀