መጻሕፍታችንን መቁጠር፣ መጻሕፍታችንን መመዘን

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት ባለጸጋ ናት። ይሁን እንጂ ያለውን ቆጥሮ ያልመዘገበ የጎደለበትን ሊያውቅ አይችልም። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡትን ከ9 ሺህ የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት እንደ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያሉ ሊቃውንት መርምረው ዝርዝራቸውን ባያዘጋጁ ኖሮ፣ ፊልሙ ብቻውን ለተመራማሪ ይህን ያህል ባልጠቀመ ነበር።

ዛሬ እንደ ኮሃ ያሉ በነጻ የሚገኙ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌሮች ሥራውን ያቀልላሉ። አንድ ጊዜ በሚገባ ከተመዘገበ፣ የትኛው መጽሐፍ ስንት ጊዜ በውሰት እንደ ወጣ፣ የትኛው ብዙ ቅጂ እንዳለው፣ በየቋንቋው ስንት እንደሚገኝ ወዲያው ያሳያሉ። ለአነስተኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኤክሴልም ይበቃል።

ለሻሸመኔና ለአካባቢዋ አጥቢያዎች ከሁሉ የሚቀድመው የቋንቋው ጥያቄ ነው። መንፈሳውያን መጻሕፍታችን በአብዛኛው በግእዝና በአማርኛ የተጻፉ ናቸው፤ በርካታ ልጆቻችን ግን ፊደል የሚቆጥሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። እንግዲህ «ልጆቹ አያነቡም» ብለን ከመውቀሳችን በፊት፣ ሊያነቡት የሚችሉት ስንት መጽሐፍ እንዳስቀመጥንላቸው እንቁጠር።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ በከተማዋ የደረሰው ቃጠሎም ሌላ ትምህርት ትቶልናል፤ መዝገቡ በሌላ ስፍራ ካልተቀመጠ፣ ከእሳት በኋላ ምን እንደ ጠፋ እንኳ መናገር አይቻልም።

ቁጥር ግን ዳኛ አይሁን። ለዓመታት ማንም ያልተዋሰው ድርሳን በአጥቢያው ያለ ብቸኛ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ሶፍትዌሩ ይቁጠር፤ ሊቃውንቱ ይመዝኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።