«ሕዝብ እየተራበ ሽርሽር?» ላለኝ የቀድሞ ተማሪዬ

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ፎቶ ለጥፌ ነበር። በጥር 2011 ዓ.ም. ከቤተሰቤ ጋር ተከዜ ሐይቅ ዳር የተነሳነው ነው። ብዙዎቻችሁ ወዳችሁታል፤ አመሰግናለሁ። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ግን «ቲቸር ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የዋግ ሕዝብ እየተራበ የሽርሽር ፎቶ መለጠፍ አያሳፍርም ወይ?» ብሎ ጻፈልኝ።

አይ ልጄ፣ አያሳፍርም። ለምን እንደማያሳፍር ልንገርህ፤ ሌሎቻችሁም ስሙኝ።

ያን ቀን ሳይነጋ ከአስከተማ ተነሳን። ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቼ፣ እናቴና እኔ፣ በኪራይ ሚኒባስ። ስንቃችን ዳቦ፣ ቆሎና ሁለት ጀሪካን ውኃ ነበር። ሰቆጣን አልፈን በዝቋላ በኩል ወደ ቆላው ስንወርድ ጋቢያችንን አወለቅን። ብርዱ ቀርቶ ሙቀቱና አቧራው መጣ፤ የዕጣን ዛፍ መታየት ጀመረ። መኪናው ከቆመበት በእግራችን ወረድን። ውኃው ማዶው በጉም እስኪሸፈን ድረስ ተንጣሏል። ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ ይሄ ባሕር ነው?» አለችኝ። «ሐይቅ ነው» አልኳት። «የማን ነው?» አለች። ጂኦግራፊ ሳስተምር የኖርኩ ሰውዬ መልስ አጣሁ።

እውነቱን ልናገር። ግድቡ 188 ሜትር ከፍታ እንዳለው፣ 300 ሜጋ ዋት እንደሚያመነጭ፣ በ2002 ዓ.ም. እንደተመረቀ አስተምሬያችኋለሁ። ሐይቁን በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው። ካሳፈረኝ ይሄ ነው እንጂ ፎቶው አይደለም።

እስቲ ልጠይቅህ፤ የእኛ ልጅ ከቀዬው የሚወጣው መቼ ነው? ሲራብ፣ ሲታመም፣ ሲፈናቀል አይደለም እንዴ? በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የእኔም ልጆች መንገድ አይተዋል። በእግራቸው፣ ዕቃ ተሸክመው፣ ወደ ኋላ እየዞሩ እያዩ። «ሽርሽር ነውር ነው» ስትለኝ የደሃ ልጅ አገሩን የሚያየው ሲሸሽ ብቻ ይሁን እያልከኝ ነው። እንደዚህ ለማለት እንዳላሰብክ አውቃለሁ፤ ሐሳቡ ግን እዚያ ነው የሚያደርሰው።

ደግሞስ ሰቆጣ ተቀምጦ እርዳታ የሚጠብቅ ሰው ብቻ የኖረባት አገር ናት ያለህ ማነው? ከአፋር የጨው ሜዳ የተነሳ አሞሌ ጨው በእንስሳት ተጭኖ መጥቶ የሚሸጥባት ትልቅ ገበያ ነበረች። አባቶቻችን ከበረሃ እስከ ደጋ መንገዱን ያውቁት ነበር። እኛ ነን የረሳነው።

ረሃቡን ካነሳህማ እንነጋገር። በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የተገባው የመንግሥት ቃል ስሙ «የሰቆጣ ቃልኪዳን» ነው። በከተማችን ስም! ሐይቁ ደግሞ ዓሣ አለው። ያን ቀን አጥማጆች የጠበሱትን ገዛን። እናቴ «እኔ የውኃ ትል አልበላም» ብላ ፊቷን አዞረች። ልጆቹ ግን ጣታቸውን ሳይቀር ላሱት። አንድ ሰው አይቶትና ቀምሶት የማያውቀውን ነገር «የእኔ ነው» ብሎ መንገድ ይሠራልኝ፣ ማቀዝቀዣ ይተከልልኝ፣ ጀልባ ይግባልኝ ብሎ ይጠይቃል? ዳሩ ላይ የሚያድገው ልጅስ ዋና ያስተምሩኝ ይላል? ሳናውቀው ዓሣው በአጠገባችን ያልፋል፤ እኛ ስንዴ ለመቀበል ተሰልፈን እንቀራለን።

አልክድም፤ ለዚያ አንድ ቀን የመኪና ኪራይ ብዙ ወር ቆጥቤያለሁ። ሁሉም ሰው አይችልም። ለዚህ ነው ነገሩ የቤተሰብ ብቻ መሆን የለበትም የምለው። አንድ ትምህርት ቤት በዓመት አንዴ አንድ መኪና ተከራይቶ ተማሪዎቹን እዚያ ቢያወርድ፣ ከእኔ ሰሌዳ የበለጠ ያስተምራቸዋል። ዛሬውኑ ተነሱ አላልኩም፤ መንገዱ ሰላም ይሁን መጀመሪያ። ሰላም ሲሆን ግን «የቅንጦት ነው» ብላችሁ እንዳታስቀሩት።

ስለዚህ ፎቶውን አላጠፋውም። አንተም ለበዓል ስትመጣ ቤቴን ታውቀዋለህ፤ ቡና እናፈላለን፣ እንከራከራለን።