ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት ገመዱን እዩ!

ባለፈው ዓርብ አንድ ጓደኛዬ እቁብ ወጥቶለት ፊቱ በርቶ መጣ። «ነገ መርካቶ አብረን እንሄዳለን፤ አዲስ ስፒከር ልገዛ ነው» አለኝ። ገንዘቡ የማታ ትምህርት መመዝገቢያው እንደሆነ ከወር በፊት የነገረኝ ራሱ ነው። «ትምህርቱስ?» ስለው «እሱ ይደርሳል፤ ይሄ ጉንፋን የያዘው ቴፕ ግን ሊያሳብደኝ ነው» ብሎኝ እርፍ።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ 12ኛን ጨርሼ በየጓደኛዬ ቤት ገመድ ስቀጥል የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ «መጀመሪያ ቤትህ እንሂድ» አልኩት።

ስንደርስ አንደኛው ስፒከር ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ፣ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ተቀምጧል። ሌላኛው ከሶፋው ጀርባ ጥግ ውስጥ ተወትፏል። ገመዱን ሳየው ደግሞ በአንደኛው ላይ ቀዩ የገባው ጥቁሩ ቦታ ነው!

ይሄ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። ፕላስና ማይነሱ በአንዱ ስፒከር ላይ ብቻ ከተገለበጠ፣ አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይስባል። ያኔ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ዘፋኙም ከየት እንደሚዘፍን አይታወቅም። ቴፑን አጥፍተን አስተካከልነው። ወጪው ዜሮ!

እናንተም ኪሳችሁን ከመዳበሳችሁ በፊት እነዚህን ሞክሩ፦

1. ስፒከሮቹን ከጥግ አውጡ። ጥግ ቤዙን አሳብጦ እንደ በርሜል ያስጮኸዋል። ከግድግዳው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቁ። በመካከላቸው 2 ሜትር ካለ፣ እናንተም ከእያንዳንዳቸው 2 ሜትር ያህል ርቃችሁ ተቀመጡ። ቤቱ ከጠበበ 1 ሜትር ተኩልም ይበቃል፤ ዋናው እኩል መሆኑ ነው።

2. ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር ከጆሯችሁ ትይዩ ትሁን። መሬት ላይ ከሆነ ከሥሩ በርጩማ ወይም ብሎኬት አድርጉ። ዳንቴሉን ከፊቷ ግለጡት፤ የአበባ ማስቀመጫውም ስለሚንቀጠቀጥ ይውረድ።

3. ቤቱ መሃል ቆማችሁ አጨብጭቡ። ድምፁ እንደ ባዶ አዳራሽ ከተመለሰላችሁ ጥፋቱ የቴፑ ሳይሆን የክፍሉ ነው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ብዙ ይለውጣል።

4. ከስልክ በገመድ የምታጫውቱ ከሆነ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጉና መጠኑን በቴፑ ቁልፍ ተቆጣጠሩ። ስልኩ ዝቅ፣ ቴፑ ከፍ ሲል ሽሽታው አብሮ ይጨምራል። በ128 ኪሎቢት ከተጨመቀ ዘፈን ደግሞ በ320 የተቀዳው ይሻላል። ካሴት ያላችሁ፣ ሄዱን ንጹሕ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉት።

5. ኢኳላይዘሩን ሁሉንም ወደ ላይ መስቀል ይቅርባችሁ! መሃል ላይ መልሱትና የበዛውን ብቻ ቀንሱ። ድምፁ መሰንጠቅ ከጀመረ ቶሎ ዝቅ አድርጉ፤ ትንሿን ስፒከር የሚያቃጥላት ይሄ ነው።

ይሄ ሁሉ ተደርጎም መግዛት ግድ ከሆነ ከጀርባ የተጻፈውን ኦም አንብቡ። ከ8 ኦም በታች አትሰኩ በሚል ማጫወቻ ላይ 4 ኦም ስፒከር ብታስሩበት ሊቃጠል ይችላል።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስና፣ ሁሉን አስተካክለን የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ከፈተ። ድምፁ ከሁለቱ ስፒከሮች መሃል፣ ባዶው ግድግዳ ላይ ቆመ። ጓደኛዬ ዝም ብሎ ቆየና «ለካ እቤቴ ነበረ!» አለ። ቅዳሜ መርካቶ አልሄድንም። ሰኞ ግን ደረሰኙን ይዞ መጣ፤ ተመዝግቧል።

በሉ ደህና ሰንብቱ። ድምፁ አማረ ብላችሁ ደግሞ ሌሊት እንዳትለቁት፤ የጎረቤት ጆሮም ጆሮ ነው!