ራምፑ በር ላይ፣ ጭቃው መንገድ ላይ

አሶሳ ላይ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዊልቸር ወይም በክራንች ለሚንቀሳቀስ ሰው እነዚህ ወራት ከቤት አያስወጡም።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ራምፑ ደጃፍ ላይ ነው፤ ሰው ጉዞውን የሚጀምረው ከቤቱ ነው። ክዳን የሌለው ቦይና ዳር ላይ ተዝቆ የተተወ ደለል መሀል መንገድ ላይ ካስቀሩት፣ ራምፑ ለማን ተሠራ?

በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ብዙ ከተሞች ባለንብረቱ ከደጁ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ እንዲጠርግ ያስገድዳሉ። አሶሳ በረዶ የለባትም፤ ጭቃ ግን አለባት። ዝናቡ ሳይገባ ቦይ ማስጠረግ፣ የተዛቀውን በዕለቱ ማስነሳት፣ ከጤና ጣቢያና ከቀበሌ ፊት ክዳን ማድረግ የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው። የመታከም መብት ክረምት በገባ ቁጥር መቋረጥ የለበትም።