ፈጣን የሚባለው የትኛው ነው?

በአዲስ አበባ የመጓጓዣ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር «ፈጣን» የሚለው ቃል ከሰው አፍ አይጠፋም። ፈጣን አውቶቡስ፥ ፈጣን መስመር፥ ፈጣን አገልግሎት ይባላል። ይሁን እንጂ ስሙ ለምን ዓይነቱ መጓጓዣ እንደሚገባ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። መኪናው በባዶ ጐዳና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር መሮጡ ለተሳፋሪው ምንም አይፈይድለትም። ተሳፋሪ የሚቈጥረው ከቤቱ ወጥቶ ሥራው እስኪደርስ ያለፈውን ጊዜ ነው፤ ይኸውም ሰልፉንና ጥበቃውን ጨምሮ ነው።

እስቲ እናስላው። በአንድ መስመር 60 ሰው ይሳፈራል እንበል። እያንዳንዱ ገንዘብ አውጥቶ፥ ቲኬት ተቀብሎ፥ መልሱን እስኪይዝ 5 ሰከንድ ቢፈጅ አውቶቡሱ ለሒሳብ ብቻ 5 ደቂቃ ይቆማል። ዝርዝር ጠፍቶ ክርክር ከተነሣማ ሌላ ነው! እንግዲህ የቢሮ ወጣቶቻችን መንገዱ ይስፋ ብለው ከመጻፋቸው በፊት በሩን ቢመለከቱ መልካም ይመስለናል።

የብራዚሏ ኩሪቲባ ይህን ቀድማ ተረድታለች። እ.ኤ.አ. በ1974 ለአውቶቡሶቿ የተለየ መንገድ ከለለች። በ1991 ደግሞ እንደ ትልቅ ቧንቧ የተጠቀለሉ የመስተዋት ፌርማታዎች ሠራች። ተሳፋሪው በመግቢያው ላይ ከፍሎ ይገባል፤ ወለሉ ከአውቶቡሱ ወለል ጋር እኩል በመሆኑ ደረጃ መውጣት የለበትም፤ አውቶቡሱ እንደ ደረሰ በሮቹ ባንድ ጊዜ ተከፍተው ሰዉ ይገባል፥ ይወጣል። አውቶቡስ ሆኖ እንደ ባቡር መሥራት ማለት ይህ ነው። የራሱ መንገድ የሌለውንና በበሩ ላይ ገንዘብ የሚቀበለውን መኪና ግን፥ ቀለሙ ምንም ቢያምር፥ ፈጣን ብሎ በሰነድ ላይ መጻፍ ሕዝብን ማታለል ነው።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የራሱን ሐዲድ ይዞ፥ ሳይሳፈሩ በሚገዛ ቲኬት ነበር የተነሣው። ነገር ግን ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በኋለኞቹ ዓመታት በመለዋወጫ እጦት ስለ ቆሙ፥ በሐዲዱ ላይ የተገኘው ደቂቃ በጣቢያው ጥበቃ ተበላ። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ የማይመጣም ፈጣን አይደለም።

ዛሬ ደግሞ ሁሉም በስልክ ይከፈል የሚል ሐሳብ አለ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የከተማው ሰው ይህን አሠራር ለምዷል። ቢሆንም በአውቶቡስ በር ላይ ቆሞ ቁጥር መጻፍ፥ የምስጢር ቁጥር ማስገባት፥ መልእክት እስኪመጣ መጠበቅ ከሳንቲሙም ይዘገያል። አዲስ መሣሪያ ያለ ቦታው ቢገባ ያው አሮጌው ሰልፍ ነው።

ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ1997 ኦክቶፐስ የተባለውን ካርድ አወጣች። ካርዱን መሣሪያው ላይ ማስጠጋት ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይፈጃል፤ በባቡርም በአውቶቡስም ያገለግላል፤ ገንዘብ የሚሞላውም በየሱቁ ጭምር ነው። ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ይህ የመጨረሻው ነው። ስማርት ስልክ የሌላቸው እናት ከሰፈራቸው ሱቅ በጥሬ ገንዘብ ካርዳቸውን አስሞልተው፥ ከልጅ ልጃቸው እኩል መሳፈር ይችላሉ። ከአውቶቡስ ወርዶ ባቡር የሚይዘውም ሰው ሁለት ጊዜ አይሰለፍም። የካርዱ ዕቅድ በሚጻፍበት ቢሮ የሱቆቹ ዝርዝር ከመሣሪያው ግዥ ቀድሞ ይዘጋጅ እንላለን።