በዓሣ ገንዳ ላይ ተራ መብራት መጠቀም ይቻላል?

ቤታችሁ የዓሣ ገንዳ (አኳሪየም) ካለ የዛሬው ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ገና ለመግዛት የምታስቡም አብራችሁን አንብቡ።

ዓሣ ለማርባት የሚወጣው ገንዘብ በገንዳው ብቻ አያበቃም። ማጣሪያው፣ ማሞቂያውና መብራቱም ዋጋ አላቸው። «ለዓሣ ገንዳ የተሠራ» ተብሎ የሚሸጠው መብራት አንዳንድ ጊዜ ከገንዳው ራሱ ይበልጥ ያስከፍላል። ልጄ ዋጋውን ስታይ፣ «እማዬ፣ የጥናት መብራቴን ብናደርግበትስ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሴም «ይቻላል፤ ግን እንዲሁ ዝም ብሎ አይደለም» የሚል ነበር።

የሚቻለው ለምንድን ነው? ዓሣና የውሃ ተክል የመብራቱን ካርቶን አያነቡም። ዓሣ ቀንና ሌሊቱን የሚለይበት ብርሃን ይበቃዋል። ተክል ደግሞ በቂና ነጭ ብርሃን ይፈልጋል። አምፖል ስትገዙ ካርቶኑ ላይ «ኬልቪን» የሚለውን ቁጥር ፈልጉ። ኬልቪን የብርሃኑን ቀለም ይነግራችኋል። 2700 ቢጫ የሚመስል፣ የመኝታ ቤት ብርሃን ነው። 6500 እንደ ቀን ብርሃን ነጭ ነው። ለውሃ ተክል ከ5000 እስከ 6500 ያለው ጥሩ ነው። እኛ ቤት የተጠቀምነው በመቆንጠጫ የሚያዝ ተራ መብራትና አንድ የኤልኢዲ አምፖል ነው። ተክሎቹ በደንብ እያደጉ ነው።

ታዲያ ውዱ መብራት ልዩነቱ ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ እርጥበት እንዲችል ተደርጎ መሠራቱ ነው። የጥናት መብራት የተሠራው ለደረቅ ቦታ ነው። ስለዚህ መብራቱ የሌለውን መከላከያ እኛው መጨመር አለብን። ይህ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

መጀመሪያ ክዳን ያስፈልጋል። ዓሣ ይዘላል፤ ማጣሪያው ውሃ ይረጫል፤ ውሃውም ይተናል። በመብራቱና በውሃው መካከል የመስታወት ክዳን ይኑር። ክዳኑንም አጽዱት፤ ከቆሸሸ ብርሃን አያሳልፍም።

ሁለተኛው አያያዙ ነው። መብራቱን በገንዳው ጠርዝ ላይ ብቻ አትቆንጥጡት። መቆንጠጫው ሲላላ መብራቱ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። በጎን ካለ ጠንካራ መደርደሪያ ጋር እሰሩት። አንዱ ማሰሪያ ቢፈታ ሌላው እንዲይዘው ሁለት ማሰሪያ ይኑረው። ሃሎጅን አምፖል በጣም ስለሚግል፣ የውሃ ጠብታ ሲነካው ሊሰነጠቅ ይችላል። ኤልኢዲ ይሻላል። እሱንም ቢሆን ካርቶኑ ካልፈቀደ በቀር አየር በሌለው ዝግ ሳጥን ውስጥ አታስገቡት።

ሦስተኛው ገመዱ ነው። ውሃ ገመድን ተከትሎ ይወርዳል። ገመዱ ከገንዳው በቀጥታ ወደ ሶኬቱ ከወረደ፣ ጠብታው ሶኬቱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ገመዱ መጀመሪያ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ከዚያ ወደ ላይ ይመለስና ይሰካ። ያኔ ጠብታው ዝቅ ካለው ቦታ ላይ ወለል ላይ ይወድቃል። ለዚህ አንድ ሳንቲም አታወጡም። ማከፋፈያውንም ከገንዳው ሥር ወለል ላይ አታስቀምጡት።

አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል፦ ኤሌክትሪክን በራሱ የሚቆርጥ ሶኬት። አሜሪካ ውስጥ ጂኤፍሲአይ ይባላል። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሶኬቶች ላይ ሁለት ትናንሽ ቁልፎች አይታችሁ ይሆናል፤ እሱ ነው። በአውሮፓና በሌሎች ብዙ አገሮች አርሲዲ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘውም በቤቱ የኤሌክትሪክ ሳጥን ውስጥ ነው። ሥራው የሚወጣውንና የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ ማመዛዘን ነው። ከሚወጣው የሚመለሰው ካነሰ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ሌላ ቦታ፣ ምናልባትም በሰው ሰውነት በኩል እየሄደ ነው ማለት ነው። ያኔ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይቆርጠዋል። በወር አንድ ጊዜ የመሞከሪያ ቁልፉን ተጫኑና መቁረጡን አረጋግጡ። ተከራይ ከሆናችሁና ቤታችሁ ከሌለው፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዓይነትም አለ። ይህ መከላከያ ከሌለ ተራ መብራት በውሃ ላይ አትስቀሉ።

አሁን ለልጆች ሁለት ሕግ ልስጣችሁ። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት የመብራቱን፣ የማሞቂያውንና የማጣሪያውን ስፒና ንቀሉ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ስትነቅሉም እጃችሁ ደረቅ ይሁን። ሁለተኛ፣ መብራቱ ውሃ ውስጥ ከወደቀ አትንኩት። ውሃውንም አትንኩ። አባባን ወይም እማማን ጥሩ፤ እነሱ መጀመሪያ ከዋናው ሳጥን ኤሌክትሪኩን ያጥፉ። «ዓሣዎቹስ?» ትሉኝ ይሆናል። ዓሣ እወዳለሁ፤ የሰው እጅ ግን ይቀድማል።

በመጨረሻም ብርሃን አታብዙ። በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ውሃው በአልጌ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ርካሽ የሰዓት መቆጣጠሪያ (ታይመር) ብትገዙ በራሱ ያበራል፣ ያጠፋል።

አማርኛ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ተረት አለው። እሳቱ ትንሽ ሳለ በቅጠል ይጠፋል፤ ከተቀጣጠለ በኋላ ግን ቅጠል አይበቃውም ማለት ነው። ክዳኑ፣ የተንጠለጠለው ገመድና የሚቆርጠው ሶኬት የእኛ ቅጠሎች ናቸው። ዛሬ ማታ ከወላጆቻችሁ ጋር ገንዳችሁን ዞራችሁ እዩ፤ የትኛው እንደጎደለ ቁጠሩ።