ሣሩን እርገጡት

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከበሩ ቀለምና ከመስኮቱ ብረት ቀጥሎ የሚጨነቅበት ነገር የግቢው ሣር ሆኗል። ድሮ ግቢ ሲባል ጌሾና ጤና አዳም፣ ጥቂት የጎመን መደብም ነበር። ዛሬ የግቢው እኩሌታ ንጣፍ ድንጋይ ይለብሳል፤ የቀረው ደግሞ እንደ ምንጣፍ ተቆርጦ በመጣ ሣር ይሸፈናል። ይህን ልማድ አልነቅፍም፤ ልምላሜን የሚጠላ ወሎዬ አላውቅም። የምነቅፈው ሣሩ በተነጠፈ ማግሥት የሚታወጀውን ሕግ ነው፦ "ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው!" ሕጉ አንዳንዴ በሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ አንዳንዴም በባለቤቱ ዐይን ላይ ብቻ ይነበባል።

ሣር በእኛ ዘንድ የእንግዳ ነው። ቡና ሊፈላ ሲል ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ረከቦቱ በላዩ ይቀመጣል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት፣ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችው ርግብ ይዛ የተመለሰችው ለምለም ቄጤማ ነው፤ በቅዳም ሥዑርም ካህናቱ ቄጤማ ያድላሉ፣ ምእመናኑም በራሳቸው ላይ ያስሩታል። በወሎ ግን ጉዝጓዝ የአንድ ሃይማኖት ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ቤት ቡናው በሣር ላይ ይፈላል። የሚጎዘጎዘውም ሊረገጥ ነው። አረንጓዴው ከእግሩ ሥር መሆኑ የመጪው ሰው ክብር ነውና።

ይህ ለምን ይቆረቁረኛል? እንጀራዬን የምበላው በባንክ መስኮት ነው። በዚያ መስኮት በኩል ከዐረብ አገር የሚላከው ገንዘብ ሲያልፍ አያለሁ። ላኪዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ልጆቻችን ናቸው፤ በሰው ቤት ወለል ወልውለው፣ በሰው ልጅ አሳድገው ያጠራቀሙት ነው። ከዚያ ገንዘብ ለእናት ቤት ይሠራል፤ ለቤቱም ሣር ይነጠፋል። እናትየዋ ግን ብዙ ጊዜ ረከቦቷን ይዛ ከጓሮ፣ ከኩሽናው ጥግ ትቀመጣለች። ፊት ለፊት ያለው ሣር ለፎቶግራፍ ነው፤ እንዳይበላሽ ይጠበቃል። ልጅቱ የደከመችው እናቷ እንድታርፍበት እንጂ እንድትጠብቀው አልነበረም።

የማይረገጥ ሣር ከሌላ ታሪክ የመጣ ነው። በአውሮፓ ባለጸጎች ግዛት ሰፊ የተከረከመ ሣር ማለት "ይህን ሁሉ መሬት ሳላርስበት መኖር እችላለሁ" የሚል አዋጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1830 እንግሊዛዊው ኤድዊን ባዲንግ የሣር ማጨጃ መኪና ፈጠረ፤ ከዚያ ወዲህ ልማዱ ቀስ በቀስ ወደ መካከለኛው ነዋሪ ግቢ ወረደ። ሰው የወረሰው ሣሩን ብቻ አልነበረም፤ ኩራቱንም ጭምር ነው።

ኩራቱ ደግሞ ሒሳብ አለው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ አንድ ሊትር ነው። በደረቅ የበጋ ቀን ሣር በካሬ ሜትር 4 ሊትር ያህል ይጠጣል ብንል፣ 50 ካሬ ሜትር ግቢ በቀን 200 ሊትር ይፈልጋል፤ ባለ 20 ሊትር ዐሥር ጀሪካን ማለት ነው። በወር 300 ጀሪካን! ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር፣ ጎረቤት ጀሪካን ደርድሮ እየጠበቀ፣ ይህን ያህል ለማንም በማይቀመጥበት ሣር ላይ ማፍሰስ ከባድ ነው። በአሜሪካ የኔቫዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው ሕግ የመኖሪያ ግቢዎችን ባይነካም፣ በየመንገዱ ዳርና በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ማንም የማይጠቀምበትን የጌጥ ሣር ከ2027 ጀምሮ በኮሎራዶ ወንዝ ውኃ ማጠጣትን ይከለክላል። ሕጉ የሚለየው የሚረገጠውን ሣር ከማይረገጠው ነው። አያቶቻችን ያለ ምክር ቤት የደረሱበት ፍርድ ነው።

ሌላም ዕዳ አለ። ተቆርጦ የሚመጣው ሣር ከአንድ ሰው መስክ የተገፈፈ ነው። ከሣሩ ጋር 2 ሳንቲ ሜትር አፈር ብቻ ቢነሣ፣ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 20 ሊትር አፈር ይሄዳል፤ አንድ ጀሪካን ሙሉ። የደቡብ ወሎ ገበሬ በየበጋው እርከን የሚሠራው ይህንኑ አፈር ከጎርፍ ለማዳን ነው። እርሱ ከተራራው ላይ የሚያስቀረውን እኛ በአይሱዙ ጭነን ከመስኩ ላይ ስናነሣ ምን ይባላል?

እንግዲህ ሣር አንትከል? እንትከል እንጂ! ግን ሰርዶን እንትከል። ገበሬው ከማሳው ነቅሎ የሚጥለው፣ ሥሩ ሲቆራረጥ የሚባዛው ሰርዶ፣ በውጭ አገር የቤርሙዳ ሣር እየተባለ በገንዘብ የሚሸጠው ነው። ጎረቤት ከማሳው ያወጣውን በነጻ ይሰጣል፤ መስክም አይገፈፍም። ለኮምቦልቻ ሙቀት ተስማሚ ነው። ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ይገረጣል፤ ዝናብ ሲመለስ ግን ይነሣል። ብርዱን የሚችል የፈለገ ኪኩዩ የሚባለውን ይትከል፤ እርሱም የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ልጅ ነው። ብቻ በአጥር ሥር ሾልኮ የጎረቤትን መደብ እንዳይወርስ ይጠብቀው።

ጊዜው ሐምሌ መግቢያ ነው። ድንጋዩን ለቅሞ፣ አፈሩን ቆፍሮ አለስልሶ፣ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሎ፣ ቁራጩን ሥር በስንዝር ርቀት እየቀበሩ በእግር ጠቅጠቅ ማድረግ ነው። ማጠጣቱን ክረምቱ ይችለዋል። ሥር እስኪይዝ ጥቂት ሳምንታት ይከበር፤ መከልከል ያለበት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ስፋቱም ረከቦት፣ ጥቂት በርጩማና የልጆች ሩጫ እስኪችል ይብቃ። በበጋ ሲገረጣ ይገርጣ፤ መስከረም ዘመድ ነው፣ ተመልሶ ይመጣል።

ንጉሥ ሚካኤል በደሴ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው፤ ማንንም አይንቅም፣ ሁሉን ያስተናግዳል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም ባወረሰችን ከተማ፣ እንግዳን የሚጠየፍ ሣር ማብቀል አይገባንም። እኔም የአቅሜን ቋጥሬ ልሰናበት፦

ና ግባ ጎረቤት፣ ከሣሬ ተቀመጥ፤
ቡናው እስኪፈላ፣ ጨዋታው አይቋረጥ።
ሰርዶ ቢረገጥም፣ ዝናብ ያነሣዋል፤
ደጅ የቀረ ወዳጅ፣ ማን ይመልሰዋል?